ሳያነብ የፈረመልኝ ሰው

ሰው ፍቅር እንደያዘው በምን ያውቃል? የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። እኔ ኬሚስትሪ ነው የማስተምረው። አንድ ፈሳሽ አሲድ ይሁን አይሁን ወረቀት ነክሬ ዓይናችሁ እያየ እነግራችኋለሁ። የገዛ ልቤን ግን ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ብፈትነው ብፈትነው ቀለሙ አልለይልኝ አለ።

ልጆቹ በስውር "አሲድ" ይሉኛል። የማላውቅ ይመስላቸዋል። ምላሴ አያርፍም እንጂ ክፋት የለብኝም። በሳምንት ሰላሳ አራት ክፍለ ጊዜ፣ በየክፍሉ ስልሳ ምናምን ልጅ፣ ቅዳሜ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ እሁድ እርማት ያለበት ሰው ምላሱ ማር እንዲሆን የሚጠብቅ ካለ፣ እሱ ራሱ ይምጣና ያስተምር። ለደሞዙ ብዬ ነው እንዳልል ደሞዙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ስለ እሱ ልንገራችሁ። ምክትል ርዕሰ መምህራችን ነው። ልጆቹ "ደወል" ይሉታል፤ ደወሉ ሊደወል አንድ ደቂቃ ሲቀረው በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሞ ይገኛላ። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ዓይኑ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያጣ። ፊዚክስ ያስተምራል፤ ፕሮግራም ያወጣል፤ የቀረ መምህር ይተካል፤ የተቆጣ ወላጅ ያበርዳል። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ደግሞ አክስቱ ናቸው። ሁላችንም "እትዬ" ነው የምንላቸው፣ እሱም ጭምር። እናት አባቱን በልጅነቱ አጥቶ እሳቸው ናቸው አብልተው አልብሰው ለወግ ለማዕረግ ያበቁት። ስለዚህ እትዬ ሲናገሩ እሱ ዝም ነው።

መምህራን ማረፊያ ውስጥ ስለ ደሞዝና ስለ ሥራ ብዛት እየተንጫጫን እሱ ብቅ ካለ፣ ሁላችንም ባንዴ ስለ አየሩ ማውራት እንጀምራለን። የእትዬ ልጅ መጣ ማለት ነው። እኔም አብሬ "ዛሬስ ደመናው ከብዷል" እላለሁ። ከዚያ ዓይኔ ከዓይኑ ይጋጫል፣ ስለ ምን እንደማወራ ይጠፋኛል።

ፍቅራችን፣ ፍቅር ከሆነ ማለቴ ነው፣ የዕቅድ ደብተር ላይ ነው የተጻፈው። አሠራሩ እንዲህ ነው። መምህር ሁሉ እሁድ ቁጭ ብሎ የሚቀጥለውን ሳምንት ትምህርት "ዓላማ"፣ "ዘዴ"፣ "መርጃ መሣሪያ" እያለ ይጽፋል። ሰኞ ጠዋት ደብተሩን ምክትሉ ጠረጴዛ ላይ ይቆልላል። ምክትሉ አይቶ "ታይቷል" ብሎ ይፈርማል፣ ማኅተም ይመታል፣ ረቡዕ ይመልሳል። የመጨረሻው ጠባብ ረድፍ "አስተያየት" ይባላል፤ እዚያ ላይ ማንም ምንም ጽፎ አያውቅም ነበር። አምና አንድ እሁድ በጣም ከፍቶኝ "ድምፄ ጠፍቷል፣ ነገ በምን አስተምራለሁ?" ብዬ ጻፍኩበት። ለማንም አልነበረም፤ ለወረቀቱ ነበር። ረቡዕ ሲመለስልኝ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል "ሙቅ ውሃ ጠጪ። የዛሬን የከሰዓት ክፍሎችሽን እኔ እይዛቸዋለሁ" ይላል። እውነትም ያዛቸው።

ከዚያ ወዲህ ያ ረድፍ የኛ ሆነ። በሰው ፊት "እርስዎ" እንባባላለን፣ ደብተሩ ላይ አንቺና አንተ ነን። "ሐሙስ ለት የለበስሽው ቀሚስ ሰሌዳ ላይ ሦስት ስሌት አሳሳተኝ" ብሎ ጽፎልኝ ያውቃል። እኔም "ለምክትል ርዕሰ መምህር ማካካሻ ፈተና አይሰጥም" ብዬ መለስኩለት። እዩን እንግዲህ! ሁለት ዲግሪ ያለው ሰውዬና እኔ፣ እንደ ስምንተኛ ክፍል ልጆች። ከደብተሩ ውጪ ግን አንድ ቀን ሻይ እንኳ አብረን አልጠጣንም። እሱ ነፃ ሲሆን እኔ ክፍል ነኝ፤ እኔ ነፃ ስሆን እሱ የቀረ መምህር ይተካል። ፕሮግራሙን የሚያወጣው ራሱ ሆኖ! የሚወድ ሰው አርባ ደቂቃ ፈልጎ አያጣም እላለሁ። መልሼ ደግሞ ለራሱ የምሳ ሰዓት የሌለው ሰው ለኔ ከየት ያመጣል እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ዓመት አለፈ።

* * *

በዚህ መሃል ነው ደብዳቤው የመጣው። እህቴ የምትኖርበት ከተማ፣ በአውቶቡስ የስድስት ሰዓት መንገድ፣ አንድ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ መምህር ይፈልጋል። አመልክቼ ረስቼው ነበር። ሃያ ክፍለ ጊዜ። ቅዳሜ የለም። የዓመት እረፍት ሁለት ወር ከነሙሉ ደሞዙ። የቤት አበል። አራት ጊዜ አነበብኩት፤ ሰው ሊቀልድብኝ የጻፈው መሰለኝ። መልሴን እስከ ዓርብ ይፈልጋሉ።

ጋሼ ባዮሎጂን አሳየሁት። ጋሼ ባዮሎጂ ጠረጴዛው ከኔ አጠገብ የሆነ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማረ፣ ሳቁ ግድግዳ የሚያልፍ ሰው ነው። መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ አነበበ።

"የዓመት እረፍት ከነደሞዙ" አለ ቀስ ብሎ። "አንቺ፣ ይሄ ነገር እውነት አለ እንዴ? እኔ እኮ የዓመት እረፍቴን ያየሁት ውሌ ላይ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ምዝገባ፣ ምዝገባ ሲያልቅ ስልጠና፣ ስልጠና ሲያልቅ ትምህርት ይከፈታል። ልጄን ስድር የሁለት ሰዓት ፈቃድ ነው የሰጡኝ። ኬኩ ሳይቆረስ ተመልሼ ሰባተኛ ክፍል ስለ እንቁራሪት አስተማርኩ።"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እሱ ሳቁን አቆመ፣ እኔም አቆምኩ።

"ታዲያ ምን ይዞሽ ነው የምታወላውዪው?"

"ምንም።"

"ይሄ ምንም የምትዪው ረጅምና ቀጭን ነው?"

ፊቴ ጋለ። "ምን ማለትህ ነው ጋሼ?"

"አይ፣ ምንም" አለ። "ስለ ደመና የምናወራው ዓይናችን ጠፍቶ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው።"

እሁድ ከሰዓት የዕቅዱን ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። ዓላማውን ጻፍኩ፣ ዘዴውን ጻፍኩ፣ ያቺ ጠባብ ረድፍ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። በሌላ ወረቀት ሰባት ጊዜ ሞክሬ ሰባቱንም ቀደድኩ። በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ። እስከ ዓርብ መልስ ስጪ ብለውኛል። አንዲት ቃል ብቻ ነው የምለምንህ። ቅሪ ካልከኝ እቀራለሁ። ሰላሳ አራቱንም ክፍለ ጊዜ ይዤ እቀራለሁ።"

ጽፌ ደብተሩን ዘጋሁት። መልሼ ከፍቼ እንዳልሰርዘው ፈርቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

* * *

ሰኞ ቆለልኩት። ማክሰኞ በረንዳ ላይ ተገናኘን። አንድ ነገር ይላል ብዬ እርምጃዬን ቀነስኩ። "ደህና አደሩ?" አለኝና አለፈ። አይቶኛል? አይቶኛል። ግን ግድግዳ እንደሚያዩት ነው ያየኝ። ይሄ ሰው አንብቦ ነው እንዲህ የሚያየኝ ወይስ ሳያነብ? አንብቦ ከሆነ ምን ዓይነት ጨካኝ ነው? እሺ፣ ሳያነብ ከሆነስ?

ረቡዕ ደብተሩ መጣ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ከፈትኩት።

"ታይቷል።" ፊርማ። ክብ ማኅተም። ማኅተሙ "ቅሪ" የሚለው ቃል ላይ ነው ያረፈው።

ከዚያ በላይ አንዲት ፊደል የለም። ገጹን ገለበጥኩ፣ ጀርባውን አየሁ፣ ሽፋኑን አየሁ። ያ ለድምፄ ሙቅ ውሃ ያዘዘልኝ ሰው፣ የሕይወቴን ነገር ብጠይቀው "ታይቷል" አለኝ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው? ሊያስቀረኝ አልፈለገም? ፈርቶ ነው? እትዬ አይተውት ነው? አላለቀስኩም፤ ለማልቀስ እንኳ የትኛውን ምክንያት እንደምመርጥ አላወቅኩም።

ለጋሼ ባዮሎጂ አሳየሁት። ያንን ረድፍ ለሰው ሳሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

"አላነበበውም" አለኝ ወዲያው።

"የኔን ያነባል።"

"የኔን ያነባል አለች! ልጄ፣ እኔ አምና ዓመቱን ሙሉ አንድ ዕቅድ ነው የገለበጥኩት። አንድ ሳምንት 'ዓላማ፦ ጡረታ መውጣት' ብዬ ጽፌ ታይቷል ተብሎ ማኅተም ተመትቶልኛል። ያውም በርታ የሚል አለበት።"

"ያንተ ሌላ፣ የኔ ሌላ።"

"እሱን አንቺ ታውቂያለሽ" አለና ፈገግ ሳይል ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

የዚያኑ ዕለት ከትምህርት በኋላ ስብሰባ ነበረ። እኛ መምህራን ሦስት ነገር ጠይቀን ፈርመን አስገብተን ነበር፦ ክፍለ ጊዜው ይቀነስ፣ የቅዳሜው ይከፈል፣ እረፍታችን እረፍት ይሁን። እትዬ ወረቀቱን አጥፈው እጃቸው ላይ ይዘው ተነሱ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ የታመመ ጠያቂ፣ የሞተ ቀባሪ ናቸው። አጠገባቸው እሱ ተቀምጧል።

"ልጆቼ" አሉ፣ "መምህርነት እኮ በሰዓት አይለካም። መምህርነት ፍቅር ነው። ፍቅር ያለው ሰው ደከመኝ አይልም።"

እኔ ግን ያ ማኅተም አንጀቴን አሳርሮት ስለነበር አፌን መያዝ አልቻልኩም።

"ፍቅርማ ነው፣ እትዬ" አልኩ ተነስቼ። "ግን ፍቅርም ይተኛል። የማይተኛ ፍቅር አንድ ቀን ከፊቱ የቆመውን ሰው ማየት ያቅተዋል።"

ይሄን ስል ያየሁት እትዬን አልነበረም። እሱን ነው። አንገቱን ደፍቶ ወረቀት ላይ የሆነ ሠንጠረዥ ያሰምራል። ቀና አላለም። እትዬ "አመሰግናለሁ፣ ልጄ፣ ተቀመጪ" አሉኝ፣ በትህትና፣ እንደ በረዶ። እሱ አሁንም ያሰምራል። ስወደው የኖርኩት ሰው ይሄ ነው ወይ ብዬ ተቀመጥኩ።

* * *

ሐሙስ ጠዋት መልቀቂያዬን ጻፍኩ። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ያለ ወር ማስጠንቀቂያ እንድለቀቅ የሚል። እንደዚህ ዓይነት መልቀቂያ እኛ ትምህርት ቤት ተፈቅዶ አያውቅም፤ ይከለከላል፣ ያስለምናል፣ ያስጠራል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የፈለግኩትም ይሄንኑ ነው። ሲያነበው ይደነግጣል፣ ብድግ ይላል፣ "ምንድን ነው ይሄ?" ይላል። እኔም "እሁድ ነግሬህ የለም ወይ" እላለሁ። ይህን ሁሉ ስለማመድ ነው ያነጋሁት።

ቢሮው ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ቁልል አለ፦ የፈተና ወረቀት፣ የቀሪ መዝገብ፣ የወላጅ ደብዳቤ። በዚያ ሳምንት ሁለት መምህራን ታመው ቀርተው ነበር፤ የነሱንም ክፍል እሱ ነው የያዘው። ጭንቅላቱን በግራ እጁ ደግፎ በቀኙ ይፈርማል። ቀና ሳይል እጁን ዘረጋ። መልቀቂያውን ከነግልባጩ ሰጠሁት። ፈረመ። ማኅተም መታ። ግልባጩን አስቀረ፣ ዋናውን መለሰልኝ።

"ሌላ አለ?" አለ፣ አሁንም ቀና ሳይል።

"የለም" አልኩ።

ወጣሁ። በረንዳው ላይ ቆሜ ወረቀቱን አየሁት። የስድስት ዓመት ሥራዬን፣ የዓመት ከመንፈቅ ልቤን፣ በአራት ሰከንድ አሰናበተ። ሳቄ መጣ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ እሁድ የጻፍኩትንም እንዲሁ ነው የፈረመው። አላነበበውም። ታዲያ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? አልጠላኝም፣ አልናቀኝም፣ አላነበበኝም ብቻ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ከሁሉም በላይ ይሄኛው ነው የቆረጠኝ።

አምስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ አሥረኛ ክፍል ስለ ጨው እያስተማርኩ በሩ ተከፈተ። እሱ ነው። ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቷል። ደቂቃ አዛብቶ የማያውቅ ሰው በክፍለ ጊዜ መሃል በር ከፍቶ ቆመ። በእጁ ግልባጩን ይዟል። ስልሳ ሁለት ልጅ ትንፋሹን ዋጠ።

"አንቺ…" አለ። ከዚያ ልጆቹ ትዝ አሉት። "እርስዎን… አንድ ጊዜ ላነጋግርዎት።"

ከኋላ አንዱ "ኧረ ደወልን ምን ነካው?" ሲል ሰማሁት። ለክፍሉ አለቃ ሰሌዳው ላይ ያለውን እንድታስገለብጥ ነግሬ ወጣሁ።

* * *

ከቤተ ሙከራው ጀርባ ያለችው የዕቃ ክፍል ገባን። ጠርሙስ፣ ሚዛን፣ የተሰበረ ወንበር። ከሁለት ሰው በላይ አትይዝም። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ይህን ያህል ተቀራርበን ቆመን አናውቅም።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ ግልባጩን ወደኔ ዘርግቶ። ሌሊቱን ስለማመድ የነበርኩት ልክ ይሄን ነው።

"የፈረምክበት ነዋ።"

"አላነበብኩትም።"

"አውቃለሁ።"

"እንዴት አትነግሪኝም?"

"ነግሬህ የለ!" ጮኽኩ። የዕቅድ ደብተሬን ከደረቴ አላቅቄ ሰጠሁት። ለምን ይዤው እንደዞርኩ አላውቅም፤ ከረቡዕ ጀምሮ ከእጄ አልወጣም ነበር። "አንብብ። አሁን አንብብ። የራስህ ማኅተም ከሥሩ አለ።"

አነበበ። ፊቱ ላይ ያየሁትን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። አንዴ አነበበ፣ ደገመ፣ ከዚያ ጣቱን ማኅተሙ ላይ አድርጎ ሊያጠፋው እንደሚፈልግ ሰው አሸው።

"ሰኞ ማታ" አለ፣ "አርባ ሦስት ደብተር ነበር። ቆሜ ነው የፈረምኩት፤ ከተቀመጥኩ እንቅልፍ ይወስደኛል ብዬ። ያንቺን ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የማነበው፤ እንደ ሽልማት ነው የማስቀምጠው። ሰኞ ግን… የቱ ያንቺ እንደነበር እንኳ አላስተዋልኩም።"

"እንግዲህ አነበብከው" አልኩ። "በል መልሱን ስጠኝ። አንዲት ቃል ናት።"

ረጅም ጊዜ አየኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ቅሪ ይለኛል፣ ደረቱ ላይ እወድቃለሁ፣ የስድስት ሰዓቱን መንገድ እረሳለሁ ብዬ ጠበቅሁ።

"ሂጂ" አለኝ።

"ምን አልክ?"

"ሂጂ። ሰኞ ባነበው ኖሮ ቅሪ እልሽ ነበር፣ እግርሽ ላይ ወድቄ ቅሪ እልሽ ነበር። ዛሬ ግን የምወዳትን ሴት መልቀቂያ ሳላይ የምፈርም ሰው ሆኛለሁ። አንቺን እዚህ አስቀርቼ እንደኔ ላደርግሽ ነው? ሃያ ክፍለ ጊዜ ነው ያልሽው? እረፍት አለው? ሂጂልኝ።"

የምወዳት አለ። በአፉ ሲለው የመጀመሪያው ነው። ሂጂም አለ። ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ! በየትኛው ልደሰት፣ በየትኛው ላልቅስ? ደረቱን በሁለት እጄ ገፋሁት፣ መልሼ ሸሚዙን ያዝኩት።

"ግራ አጋባኸኝ!" አልኩት። "ሰው ስወድ እንዲህ አልነበርኩም። ደክሞኝ ነው የወደድኩህ ወይስ ወድጄህ ነው የደከመኝ? አላውቅም እኮ! እዚህ ግቢ ውስጥ ደግ ቃል የጻፈልኝ አንተ ብቻ ነህ። የተጠማ ሰው ውሃ ሲያገኝ ውሃውን ወደደው ይባላል?"

"አላውቅም" አለ። እንባው ወረደ። "እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።"

"እንግዲያው ተወኝ። ልሂድና ልተኛ። ጠግቤ ልተኛ። ተኝቼ ስነሳ ካለህ አለህ፣ ከሌለህ…" አልጨረስኩትም።

ሸሚዙን ለቀቅኩት። እጄ ግን ባዶ ሆኖ ሲቀር ምን እንደማደርገው ግራ ገባኝ።

እትዬ ነገሩን ሲሰሙ ወረቀቱን አስመጥተው አዩ። "ፊርማው የማን ነው?" አሉ። "የኔ ነው" አለ እሱ። "እንግዲያው ፊርማ ፊርማ ነው። ትሂድ። የፈረመላት ይተካት" አሉ፣ አለቀ።

* * *

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሌላ ጊዜ የማጠናከሪያ ትምህርት በማስተምርበት ሰዓት፣ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። ዓርብ እሺ ብዬ መልሴን ልኬላቸው ነበር፤ አዲሱ ሥራ ሊጀመር አሥር ቀን ይቀረዋል። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ በር ላይ አየችኝና "በስመአብ! ምን አድርገውሽ ነው?" ብላ አልጋዋን ለቀቀችልኝ።

ተኛሁ። እሁድ ተነስቼ ውሃ ጠጣሁና መልሼ ተኛሁ። ሰኞ የተነሳሁበትን አላስታውስም። ማክሰኞ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ዓይኔን ስገልጥ ግድግዳው ላይ ፀሐይ አለ፣ ከወዲያኛው ክፍል የስፌት መኪናው ይሰማል። የሚታረም ወረቀት ትዝ አላለኝም። ጉሮሮዬ አያመኝም። ገላዬ የሰው ገላ ሆኖ ተሰማኝ።

መጀመሪያ ራበኝ። ዳቦ በእንቁላል በላሁ፣ ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ከዚያ ናፈቀኝ። በዚህ ቅደም ተከተል ነው የመጣው፤ ልዋሻችሁ አልችልም። ሳህኑን ይዤ እንደተቀመጥኩ ራሴን በደንብ አየሁት። ድካሙ ወጥቷል። እሱ ግን አልወጣም። እንዲያውም ድካሙ ተኝቶበት የነበረውን ቦታ ሁሉ ይዞት ቁጭ ብሏል።

የምሳ ሰዓታቸውን ጠብቄ ደወልኩ። አንስቶ "አቤት" ሲል ሌላ ሰው መሰለኝ። ድምፁ የለም፤ ሹክሹክታ ብቻ ነው።

"እኔ ነኝ። ድምፅህ ምን ሆነ?"

"ተኛሽ?" አለኝ።

"ተኛሁ። ድምፅህ ምን ሆነ?"

"ያንቺን ክፍሎች ይዣለሁ። ከኔው ጋር ደርቤ። ዛሬ ሁለተኛ ቀኔ ነው።" ሳል አቋረጠው። "ትናንት ከሥራ በኋላ ለእትዬ ነግሬያቸዋለሁ። ለአንድ መምህር ከሃያ አምስት ክፍለ ጊዜ በላይ የሚሰጥ ፕሮግራም ከእንግዲህ በእጄ አላወጣም አልኳቸው።"

"ምን አሉህ?"

"ያሳደግኩህ ለዚህ ነው ወይ አሉኝ።"

"አንተስ?"

"ምን እላለሁ? እሳቸውንም እኮ እወዳቸዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩ። ግን አላወጣም።" ከዚያ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ?" አለኝ።

ናፍቀሽኛል ሊለኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ልምጣ ወይ ሊለኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

"ጠይቀኝ።"

"ስድስት ዓመት እንዴት ቻልሽው?"

ሳህኑ ከጭኔ ወደቀ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲጠይቀኝ ኖሯል፤ ምዕራፉ የት ደረሰ፣ ውጤት ለምን ዘገየ፣ የልጄ ነጥብ ለምን አነሰ፣ ቅዳሜ ለምን ቀረሽ። ይሄን የጠየቀኝ ሰው ግን አንድም አልነበረም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ከየት እንደመጣ የማላውቀው ለቅሶ ፈንቅሎኝ ወጣ፤ ዝም ያለ እንባ እንዳይመስላችሁ፣ የምር እዬዬ ነው ያልኩት።

እህቴ መለኪያዋ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ እየሮጠች መጣች። "ማን ሞተ?! ማን ሞተብን?!"

"ማንም!"

"ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?"

"እወደዋለሁ!" አልኳት ሳግ እያነቀኝ። "ወይኔ እህቴ፣ እወደዋለሁ እኮ!"

ስልኩን አልዘጋሁትም ነበር። ጆሮዬ ላይ መልሼ ለጠፍኩት። በዚያኛው ጫፍ፣ ያ ድምፅ የሌለው ሰው ሲያለቅስ ሰማሁት።